ምዕራፍ አምስት፦ «ይመለሳሉ ወይ?» ከሓወልቲ ወደ ብራዚል

ከመቐለ በስተደቡብ፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ ጨለቖት የምትባል መንደር አለች። በ1810 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ እዚያ ደረሰ። ከንጉሡ ከጆርጅ ሦስተኛ የተላከ ደብዳቤና እጅ መንሻ ይዟል። ሐሳቡ ጎንደር ገብቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ማስረከብ ነበር። ጎንደር ግን አልገባም። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ከሌሎቹ መሳፍንት ጋር በነበራቸው ሽኩቻ ምክንያት መንገዱ የሚያሳልፍ አልሆነም። ሰውየው ያመጣውን ለራስ ወልደ ሥላሴ አስረከበና ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ቪዛ የሚባል ቃል በአገሩ አልነበረም፤ ነገሩ ግን ነበረ። ከምጽዋ ወደ ደጋ የሚወጣ እንግዳ የገዥውን ፈቃድ ይጠብቃል። በየኬላው ማንነቱና ጭነቱ ይመረመራል፤ ፈቃድ ካገኘ መሪ ይሰጠዋል፤ ካላገኘ ባለበት ይከርማል። የኬላ ጠባቂው ጥያቄ ከሁሉ በፊት «ለምን መጣህ?» የሚል ነበር። ከመጣ በኋላ መመለሱን ማንም አይጠራጠርም። እንዲያውም ገዥው ደስ ካለው እንግዳውን አላሰናብትም ብሎ ያስቀረዋል።

ዛሬ ኬላው ዞሯል። ከመቐለ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ ሪዮ ዴ ጄኔሮን ማየት የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው ዋና ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ይመለሳሉ ወይ?» ይባላል። ቅጹ ላይ በእነዚህ ቃላት ተጽፎ አይገኝም። ሆኖም የባንክ ስቴትመንቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ማስረጃው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ ሁሉም የሚጠየቁት ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የወረቀቱን ብዛት አይፈራውም፤ እያንዳንዱ ወረቀት ምን እንዲናገርለት እንደሚፈለግ ያውቃልና። ይህ ምዕራፍ ብራዚልን ምሳሌ አድርጎ ያንን መንገድ ከሓወልቲ እስከ ሳኦ ፓውሎ ይከተላል።

ብራዚል ለምን?

ከደቡብ አሜሪካ አገሮች ሁሉ ለእኛ የቀረበችው ብራዚል ናት። ቅርበቱ በካርታ ሳይሆን በበረራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ወደ ሪዮና ወደ ሳኦ ፓውሎ መብረር ጀመረ። ኋላም በ2010 ዓ.ም. መስመሩን እስከ አርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ አስረዘመው። ብራዚል አዲስ አበባ ውስጥ ኤምባሲ አላት። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ቪዛ ለመጠየቅ ሦስተኛ አገር መሄድ አይጠበቅበትም። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ዕድል አይደለም።

በረራው የተጀመረበት የፈረንጅ ዓመት በሌላም ነገር ይታወሳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተደገሙ። በዚያ ሰሞን የአገሩ ሰው ሁሉ ስለ ብራዚል ያወራ ነበር። ቢያልፉ ኖሮ ብዙ ሺህ ደጋፊ ይህ ምዕራፍ የሚያወራውን ወረቀት በአንድ ጊዜ በተማረው ነበር።

የብራዚልን የመግቢያ ሥርዓት የሚገዛው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 13.445 የስደትና የፍልሰት ሕግ ነው። ለቱሪስት የሚሰጠው ፈቃድ «የጉብኝት ቪዛ» ይባላል። ለመዝናናት፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለንግድ ስብሰባና ለአጭር የስፖርት ወይም የኪነ ጥበብ ዝግጅት ያገለግላል። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ሲገባ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ቀኑ ሳያልቅ ለፌዴራል ፖሊስ አመልክቶ ማስረዘም ይፈቀድለታል፤ በጠቅላላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ180 ቀን አያልፍም። በዚህ ቪዛ እዚያ ተቀጥሮ ደመወዝ መብላት ክልክል ነው። ከተፈቀደው ቀን በላይ የቆየ ሰው በየቀኑ 100 ሬያል ይቆጠርበታል፤ ቅጣቱ እስከ 10,000 ሬያል ይደርሳል። ነገሩን ካላስተካከለ ከአገር ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረውን ነገር መለየት ይገባል። ቪዛው የሚጸናበት ጊዜና በአገሩ የሚቆዩበት ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቪዛው ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን በሩን ለማንኳኳት የተሰጠ ጊዜ ነው። ከገቡ በኋላ የሚቆጠረው ግን በመግቢያው በር ላይ ያለው መኮንን የሚፈቅደው የቀን ብዛት ነው። ቪዛው ለአንድ ዓመት ስለጸና ዓመቱን ሙሉ እዚያ መኖር ይቻላል ብሎ ማሰብ ቅጣት ውስጥ ይከታል።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

የቪዛ ሕግ አንዱ መሠረት «አንተ እንደተቀበልከኝ እቀበልሃለሁ» የሚለው የአጸፋ መርሕ ነው። ብራዚል ይህን መርሕ አጥብቃ ከሚይዙ አገሮች አንዷ ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለአውስትራሊያ ዜጎች ቪዛ አንሥታ ነበር። እነሱ ግን ለብራዚላውያን ስላላነሡ ከሚያዝያ 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልሳ ጣለችባቸው። በአጸፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኛ ነገር ይቀልል ነበር። ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ለዓለም ቱሪስት በኢንተርኔት ቪዛ ትሰጣለች። ከኢትዮጵያ ወደ ብራዚል የሚሄደው ሰው ግን ወረቀቱን ይዞ ኤምባሲ መግባት አለበት። ሚዛኑ ላይ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱም መመለስ ነው።

የኢኳዶር ታሪክ ይህን ከሁሉ በላይ ያስረዳል። በሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ መንግሥት ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ማለት ይቻላል ቪዛ አነሣ። የሰው ልጅ ሁሉ የዓለም ዜጋ ነው የሚል አስተሳሰብ በዚያው ዓመት በጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገብቷል። በሩ ተከፈተና በዚያ በኩል ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚያልፍ መንገደኛ በረከተ። ከሁለት ዓመት ጥቂት አልፎ፣ በመስከረም 2010 እ.ኤ.አ.፣ ኢኳዶር ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ኬንያን ጨምሮ በተወሰኑ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ዜጎች ላይ ቪዛውን መለሰችው። የኢኳዶርን ዋና ከተማ ኪቶን ለማየት ብቻ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ መምህር በማያውቀው መንገድ ሌላው ሰው በሄደበት ዱካ ተመዘነ።

ያ ዱካ ኋላም አልጠፋም። ከብራዚል ተነሥቶ በፔሩ፣ በኢኳዶርና በኮሎምቢያ አድርጎ ወደ ፓናማ ይወጣል። በመካከሉ ዳሪየን የሚባለው መንገድ አልባ ጫካ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ጫካ አቋርጧል። የብራዚል መንግሥት በሳኦ ፓውሎው የጓሩልዮስ አየር ማረፊያ ጥገኝነት የሚጠይቀው ሰው እየበዛ መምጣቱን ሲገልጽ አብዛኞቹ የሕንድ፣ የኔፓልና የቬትናም ዜጎች መሆናቸውን ተናግሯል። ከቀሩት መካከል የጠቀሳቸው ሶማሊያን፣ ካሜሩንን፣ ጋናንና ኢትዮጵያን ነው። ከነሐሴ 26 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሦስተኛ አገር ለማለፍ ብቻ ብለው ያለ ብራዚል ቪዛ በዚያ የሚያርፉ መንገደኞች ወደ ትኬታቸው መዳረሻ ይቀጥላሉ፤ አለዚያም ወደመጡበት ይመለሳሉ። ለቱሪስት የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው፦ «በዚያ በኩል አልፋለሁ እንጂ አልገባም፤ ቪዛ አያስፈልገኝም» የሚለው ብልሃት በጓሩልዮስ ዋጋ የለውም።

ኢትዮጵያውያን ያለ ተራ ቪዛ ብራዚል የገቡበት ጊዜም ነበር። በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ አትሌቶች የገቡት በኦሎምፒክ መታወቂያ ካርዳቸው ነው፤ ካርዱ ከፓስፖርት ጋር ሲቀርብ የቪዛን ሥራ ይሠራል። አልማዝ አያና በዚያ ካርድ ገብታ በ10 ሺህ ሜትር 29 ደቂቃ ከ17 ነጥብ 45 ሰከንድ በሆነ የዓለም ክብረ ወሰን ወርቁን ይዛ ተመለሰች። ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ብር አግኝቶ መድረሻው ላይ እጆቹን አጣምሮ ተቃውሞውን ገለጠ። ወደ አገሩ መመለሱን ስለፈራ ብራዚል ቆየ፤ ከዚያ ልዩ ሙያ ላላቸው ሰዎች በሚሰጥ ቪዛ አሜሪካ ገባ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የአገሩ ሁኔታ ሲለወጥ፣ ተመልሶ መጣ። ሰው የሚመለሰው መመለሻው ደህና ሲሆን ነው። የኤምባሲው ቆንስል በእጁ ባለው ፋይል ውስጥ የሚፈልገውም ይህንኑ ደህንነት ነው፤ እርሱ ግን ሥራ፣ ቤትና ቤተሰብ ብሎ ይጠራዋል።

ወረቀቱ የሚጀምረው ከቤት ነው

መቐለ ውስጥ የብራዚል ኤምባሲ የለም። ከሓወልቲ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውሮፕላን ከአሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ለጎደለ አንድ ፊርማ ይህን ያህል መንገድ መመላለስ አቅምም ልብም ይጨርሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከመሄድ በፊት መቐለ ላይ የሚያልቀውን ሁሉ መጨረስ ይገባል።

መጀመሪያ ፓስፖርት አለ። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በነበረው ጦርነት በትግራይ ባንክ፣ ስልክና በረራ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። የመቐለ በረራ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፓስፖርቱ ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። የማሳደሻው ነገርም ውድ ሆኗል። መደበኛው የፓስፖርት ክፍያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ አስቸኳዩ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ቪዛ ሊጠይቁ አንድ ወር ሲቀር ፓስፖርት ገልጦ ማየት ኪስ ይጎዳል። ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት ይዞ መቅረብ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው ስም ነው፤ ለትግራይ ሰው ከሁሉ የሚብሰው ጣጣ ይህ ይመስለኛል። የልደት ወረቀቱ በትግርኛ «ሓጎስ» ይላል፤ የትምህርት ማስረጃው በአማርኛ «ሀጎስ» ይላል። «ገብረመድህን» በአንዱ ወረቀት አንድ ቃል፣ በሌላው «ገብረ መድኅን» ተብሎ ሁለት ነው። ጆሮ ልዩነት አይሰማበትም። ሁለቱ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጡ ግን ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያያል። ባንኩ አንዱን፣ መሥሪያ ቤቱ ሌላውን ከጻፈ ቆንስሉ የማን ገንዘብ እንደሚያነብ እርግጠኛ አይሆንም። መፍትሔው ፓስፖርቱን እንደ ገዥ ጽሑፍ መውሰድ ነው። ከእርሱ በኋላ የሚወጣ ማንኛውም ደብዳቤ፣ ትርጉምና ትኬት በፓስፖርቱ ፊደል መጻፍ አለበት።

በቤተሰብ ለሚሄዱ ስም ሌላ ጉዳይም ያመጣል። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ልጅም የሚጠራው በአባቱ ስም፣ ከዚያም በአያቱ ስም ነው። በፓስፖርት የመጨረሻ ስም ተብሎ የሚያዘው የአያት ስም ስለሆነ አባት፣ እናትና ልጅ በሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይገኛሉ። የእኛን አጠራር ለማያውቅ መኮንን እነዚህ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስሉታል። ስለዚህ የጋብቻና የልደት ማስረጃ እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ ዋና ወረቀት መታየት አለባቸው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ወይም ብቻውን ሲሄድ ደግሞ የሌላኛው ወላጅ ወይም የሁለቱም የተረጋገጠ ፈቃድ ይጠየቃል።

ሦስተኛው ቋንቋና ዘመን ነው። በትግርኛ የተሰጠ ማስረጃ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ተመትቶበት ይቀርባል። ትርጉሙ ሲሠራ ዘመኑ በጥንቃቄ ይቆጠር። በእኛና በፈረንጁ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ሰባት ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ በፈረንጅ ታኅሣሥ 29 ቀን 1992 ነው። ተርጓሚው በልማድ ስምንት ደምሮ 1993 ቢጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ዓመት ይጣላል።

አራተኛው መተዳደሪያ ነው። ተቀጣሪ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን፣ የሥራ ዘመኑን፣ የዓመት ፈቃዱን ቀንና ሲመለስ ሥራው እንደሚጠብቀው የሚናገር ደብዳቤ ያጽፋል። ነጋዴ ንግድ ፈቃዱንና የግብር ክሊራንሱን፣ ቤት ያለው ካርታውን፣ ተማሪ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይጨምራል። የባንክ ስቴትመንት ሲታይ የሚመዘነው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ አይደለም። በየወሩ የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ ያለው መጠነኛ ሒሳብ፣ ቪዛ ሊጠየቅ ሳምንት ሲቀረው ከወዳጅ ተለቅሞ ከገባ ትልቅ ብር ይልቅ ይታመናል። ትልቅ ገንዘብ በእውነት ከገባ፣ መኪና ተሸጦ ወይም ዕቁብ ደርሶ ከሆነ፣ የሽያጩን ውል ወይም አጭር ማብራሪያ ማያያዝ ነው። ከጦርነቱ ዘመን የተቋረጠ ሥራ ወይም የጎደለ ማስረጃ ካለም በሁለት መስመር መግለጽ ይበቃል፤ በፈጠራ ወረቀት መሙላት ግን ፋይሉን ሁሉ ያበላሻል።

የብራዚል ማመልከቻ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ተሞልቶ ሲያልቅ የማስረከቢያ ደረሰኝ ይወጣል፤ እሱ ታትሞ፣ ፎቶ ተለጥፎበትና ተፈርሞ ከፓስፖርቱ፣ ከደርሶ መልስ የጉዞ ዕቅዱ፣ ከማረፊያ ማስረጃውና ከገንዘብ ማስረጃው ጋር ይቀርባል። ወዳጅ ቤት የሚያርፍ ሰው የግብዣ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ብራዚላዊው ጋባዥ ደብዳቤውን በአገሩ «ካርቶሪዮ» በሚባለው የሰነድ ማረጋገጫ ቤት ፊርማውን አስመስክሮ ቢልከው ክብደት ይኖረዋል። ኤምባሲው ተጨማሪ ወረቀት የመጠየቅም ሆነ ለኢንተርቪው የመጥራት መብት አለው። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ትኬት አለመግዛት ይሻላል፤ የተያዘ ቡኪንግና የተከፈለ ትኬት አንድ አይደሉም።

ቢጫዋ ደብተር

ከፓስፖርቱ ቀጥሎ በኪስ የሚያዘው ቢጫ ካርድ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድን የሚመሰክር ዓለም አቀፍ ደብተር ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ብራዚል ብቻ የምትጠይቀው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከሁለቱም ወገን ነው። ኢትዮጵያ ራሷ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ናት። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ብራዚልም ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በሚናስ ጄራይስና በሳኦ ፓውሎ አካባቢ ብርቱ ወረርሽኝ አይታለች።

መቐለ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነች ደገኛ ከተማ ናት፤ የቢጫ ወባ ትንኝ እዚያ አይመቻትም። መዝገቡ የሚጻፈው ግን በአገር እንጂ በቀበሌ አይደለም። በብዙ ወደቦች ላይ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘና ከኢትዮጵያ የተነሣ ሰው ካርዱን ይጠየቃል። ሲመለስ ደግሞ ብራዚልን ረግጦ የመጣውን መንገደኛ የራሱ አገር ልትጠይቀው ትችላለች። ካርዱ ሲሄዱም ሲመለሱም ሊጠየቅ የሚችል ወረቀት ነው።

ሁለት ቁጥር ይታወስ። ማስረጃው መጽናት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በጉዞው ዋዜማ የተወሰደ ክትባት በሕጉ ፊት እንዳልተወሰደ ነው። ከሐምሌ 11 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይበቃል፤ የቆየ ካርድ ላይ «10 ዓመት» ተብሎ ቢጻፍም ዳግመኛ መከተብ አያስፈልግም። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት።

ድንበሩ ቦሌ ላይ ነው

ብዙ መንገደኛ የብራዚል ድንበር ሳኦ ፓውሎ ላይ ያለ ይመስለዋል። በተግባር የመጀመሪያው ድንበር ቦሌ፣ ሻንጣ የሚመዘንበት ጠረጴዛ ነው። ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት በ1944ቱ የቺካጎ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ሥርዓት መሠረት አየር መንገድ ተሳፋሪው የመዳረሻውን አገር ወረቀት መያዙን ያረጋግጣል። ወረቀቱ ሳይሟላ ተሳፍሮ እንዳይገባ የተከለከለን ሰው መልሶ የሚያመጣው አየር መንገዱ ነው፤ በብዙ አገርም ይቀጣል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ የየአገሩን የመግቢያ ሕግ የያዘውን «ቲማቲክ» የሚባል መዝገብ ኮምፒዩተሯ ላይ እያየች ትጠይቃለች።

«ወንድሜ፣ የብራዚል ቪዛዎን ያሳዩኝ።»

«ይኸው እኅቴ፣ ገጹ ላይ ተመትቷል።»

«የመመለሻ ትኬት አለዎት? የሚያርፉበትስ?»

ይህ ጥያቄ ነገር ፍለጋ አይደለም። በስልክ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋልና የትኬቱ፣ የሆቴሉና የግብዣው ቅጂ በወረቀት ታትሞ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ወደ ጭነት በተላከ ሻንጣ ውስጥ ያለ ማስረጃ ለዚህ ጊዜ አይሆንም።

ከ12 ሰዓት በላይ ከሚወስደው በረራ በኋላ ጓሩልዮስ ላይ የሚቀበለው የብራዚል ፌዴራል ፖሊስ ነው። ቪዛ መያዝ ማንኳኳት እንጂ መግባት አይደለም፤ መጨረሻ የሚወስነው በበሩ ላይ ያለው መኮንን ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ለምን መጡ፣ ስንት ቀን ይቆያሉ፣ የት ያርፋሉ። መልሱ ማመልከቻው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ከሆነ ያልፋል። ፖርቱጋልኛ አለመቻል ጥፋት አይደለም፤ ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ቪዛ ወስዶ «ሦስት ወር እቆያለሁ» ማለት ግን ጥያቄ ይወልዳል።

ከዚያ ወዲያ ጉምሩክ አለ። ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወይም ተመጣጣኙን የያዘ ሰው ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ለዘመድ ተብሎ የሚታሸገው ስንቅ ደግሞ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብራዚል ከቤት ተሠርቶ የመጣ ማር፣ ቅቤና ሥጋ አታስገባም። የትግራይ ነጭ ማር የቱንም ያህል ቢወደድ በጓሩልዮስ የግብርና ተቆጣጣሪ እጅ ገብቶ ይቀራል፤ ቤት ቢቀር ይሻላል።

ሳይሳካ ሲቀር

ቪዛ ሲከለከል ሰው ነውር እንደደረሰበት ያህል ይሰማዋል። ዘመድ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ያዝናል፣ ደላላ ይመጣል። ደላላው «እኔ ሰው አለኝ» ይላል። ኤምባሲ ውስጥ ሰው የለውም፤ ያለው የተቀባ ስቴትመንትና ከሌላ ሰው የተገለበጠ የሥራ ደብዳቤ ነው። ሐሰተኛ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተያዘ ከዚያ በኋላ የሚቀርበው እውነተኛ ወረቀትም በጥርጣሬ ይነበባል። የተከለከለ ሰው ማድረግ ያለበት ፋይሉን ዘርግቶ አንድ ነገር መፈለግ ነው፦ ይህን ያነበበ እንግዳ ሰው ተመልሼ እንደምመጣ ከየትኛው ገጽ ያውቃል? ገጹ ከሌለ ወይም ደካማ ከሆነ ቀጣዩን ማመልከቻ የሚያጠነክረው እሱ ነው። አዲስ ማስረጃ ሳይጨመር በማግሥቱ መልሶ ማመልከት ያንኑ መልስ መግዛት ነው።

ደንቡ ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም። አንድ መምህር ሌላ ሰው በዳሪየን ስላለፈ መጠርጠር የለበትም። ጀርመናዊ ቱሪስት ያለ ቪዛ በሚያልፍበት በር እርሱ የቤት ካርታ ይዞ መቆሙ ያማል። ይህ የሚለወጠው መንግሥታት ሲነጋገሩ ነው። ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያና ብራዚል በብሪክስ ማኅበር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ተራው ዜጋ የሚጓዝበት ወረቀት እዚያ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ነው። እስከዚያው ድረስ ተጓዡ ሕጉን እንዳለ ያውቀው ዘንድ ግድ ነው።

ሄንሪ ሶልት ጨለቖት ላይ ቆሞ ጎንደርን ሲያስብ የሚያሳልፈው ወረቀት በእርሱ እጅ አልነበረም። የዛሬው የሓወልቲ ተጓዥ በዚህ ይበልጠዋል፦ ከሚጠየቀው ወረቀት አብዛኛው መቐለ ውስጥ፣ በራሱ መሥሪያ ቤት፣ በራሱ ባንክና በራሱ ሣጥን ውስጥ አለ። ስለዚህ ትኬት ከመጠየቅዎ በፊት ዛሬ ማታ ፓስፖርትዎን፣ የልደት ማስረጃዎንና የባንክ ደብተርዎን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ስሙና የትውልድ ቀኑ በሦስቱም ላይ አንድ ካልሆነ ጉዞው የሚጀምረው እሱን ከማስተካከል ነው።